ዶሮዋ ለእናትም ትድረስ

በዛሬው እትም ወደ ማድ ቤት ይዣችሁ ልገባ ነው። ወንዶች አንባብያን ገጹን ገልጣችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ስለ ምግብ አሠራር የተጻፈ ይምሰል እንጂ፣ ከሚስቶች ይልቅ እናንተን የሚመለከትበት ቦታ ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሏ የመምህርነት ሥራ ምክንያት ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በዋሂል የምትኖር አንዲት ወጣት ባለትዳር በቅርቡ አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። አሜሪካ የምትኖር ታላቅ እህቷ በስልክ ሲጫወቱ፣ ከተፈጨ የተርኪ ሥጋ ተድቦልቡሎ በኦቨን የሚጋገር ምግብ ለልጆቿ እንደምትሠራ ነግራታለች። ዘይት አይበዛበትም፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ልጆችም ይወዱታል ብላታለች። «እኔ ግን ተርኪ የለኝም፣ ኦቨን የለኝም። ያለኝ ጥቂት ዶሮና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ይህን ነገር መሥራት እችላለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሴ «አሳምረሽ ትችያለሽ!» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም ሦስት ነገሮችን አንድ በአንድ እንመልከት። የመጀመሪያው ከምን እንሠራዋለን የሚለው ነው። ሁለተኛው እንዴት እንጋግረዋለን የሚለው ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ማን ይበላዋል የሚለው ነው።

ተርኪ ከሌለ ምን ይሻላል?

ተርኪ የዶሮ ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ ነው። ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ከብዙ ዘመናት በፊት አልምደው ቤት ለቤት ያረቡት የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦች ናቸው። ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወሰዱት። የስሙ ነገር ያስቃል። እንግሊዞች በቱርክ አገር ስም ሲጠሩት፣ ቱርኮች ደግሞ «ሂንዲ» ማለትም «የህንድ» ይሉታል። ግብፆች «ዲክ ሩሚ» ይሉታል፤ «የሩም አውራ ዶሮ» ማለት ነው። ሁሉም እንግዳ መሆኑን አውቀው አገሩን ግን ሳቱት! አሜሪካውያን በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ በሚያከብሩት የምስጋና ቀን ዋናው ምግባቸው ተርኪ ነው። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዓመት ዓመት ልማዱን እየወረሱ፣ አንዳንዶቹ በርበሬና ቅመም እያሹ ይሠሩታል። የተፈጨው ተርኪ ግን ዓመቱን ሙሉ በየሱቁ ይሸጣል። ተፈላጊ ያደረገውም ቆዳው ከወጣ ሥጋው ከበሬ ሥጋ ያነሰ ስብ ያለው መሆኑ ነው።

እህቶቼ፣ ቆዳዋ የወጣ የዶሮ ሥጋም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዋሂል ላይ ተርኪ ጠፋ ብሎ ማዘን አያስፈልግም። የተፈጨ ሥጋ አድቦልቡሎ ማብሰልም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በምሥራቁ ዓለም «ኮፍታ» የሚባለው ምግብ ስሙን ያገኘው መውቀጥ ወይም መደቆስ ከሚል የፋርስ ቃል ነው። የእኛ «ክትፎ» ደግሞ «ከተፈ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው። ድሬዳዋም ብትሆን በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከምድር ባቡሩ ጋር ከተቆረቆረች ጀምሮ አረቡ፣ ህንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ ከአገሬው ጋር እየኖሩባት ማዕዷን ያበለጸጉላት ከተማ ናት። የተፈጨ ሥጋ በሳምቡሳ ውስጥ ያልቀመሰ የድሬ ልጅ ማን አለ?

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። የሐበሻ ዶሮ በአማካይ ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ትመዝናለች፤ በዓመት የምትጥለውም ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ዝርያቸው የተሻሻለው ግን በክብደትም በእንቁላልም እጅግ ይበልጧታል። ከዚህ የተነሳ አንዲት ምክር አለችኝ። እንቁላል እየጣለች ያለችውን ዶሮ አትረጂ። የሚታረደው መጣሏን ያቆመችው አሮጊት ዶሮ ወይም ትርፍ አውራ ዶሮ ይሁን። «የአሮጊት ዶሮ ሥጋ እኮ እንደ ቆዳ ይጠነክራል!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ለጥብስ አይሆንም፤ ለወጥም ብዙ ማገዶ ይፈጃል። ሲፈጭ ወይም በደንብ ሲከተፍ ግን ጅማቱ ስለሚበጣጠስ ጥንካሬው ይጠፋል። ይህ አሠራር ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው።

ሁለት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ዶሮ ታርዳ፣ ቆዳዋና አጥንቷ ሲወጣ 600 ግራም ያህል ሥጋ ታስገኛለች። የሐበሻ ዶሮ ከሆነች ሁለት ያስፈልጋሉ። አጥንቱ አይጣል፤ ቀቅላችሁ ሾርባ ወይም የስጎ መረቅ አድርጉት። ዋሂል እንደ ሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠሮች ፍየል የሚረባበት አገር ስለሆነ ዶሮ ባይኖር የፍየል ቀይ ሥጋም ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 600 ግራም ቆዳውና አጥንቱ የወጣ የዶሮ ሥጋ፣ ከጉበቷ ጋር
- 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በጣም ደቆ የተከተፈ
- 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል፣ አብረው የተወቀጡ
- 1 እንቁላል (የሐበሻ ከሆነ 2)
- ግማሽ ብርጭቆ የደረቀ ዳቦ ወይም ድርቆሽ እንጀራ፣ ተፈርፍሮ የደቀቀ
- 4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውሃ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለጣዕም ያህል ቁንዶ በርበሬ
- ለአዋቂዎች ብቻ ከሆነ አንድ ቃሪያ፣ ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ

ፍርፋሪውን በወተቱ አርሳችሁ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ይህን እንደ ማብዣ ብቻ አትቁጠሩት። የዶሮ ሥጋ ስቡ ትንሽ ስለሆነ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይደርቃልም። የራሰው ፍርፋሪ ውሃውን ይዞ ስለሚያቆይ ምግቡ ለስልሶ ይወጣል። ድርቆሹ የማሽላ እንጀራ ቢሆንም ግድ የለም። ሥጋውን በሥጋ መፍጫ ፍጩት፤ መፍጫ ከሌለ በመክተፊያ ላይ በስለታም ቢላዋ እንደ ክትፎ ክተፉት። ጉበቷንም አብራችሁ ክተፉ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ሳህን ላይ በእጃችሁ ቀላቅሉ። ነገር ግን እንደ ሊጥ አትሹት፤ ብዙ የታሸ ሥጋ ይጠነክራል። እጃችሁን በውሃ ወይም በዘይት አራስ እያደረጋችሁ ትንሽ ሎሚ በሚያህል መጠን አድቦልቡሉት። እያንዳንዱ 30 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በጠቅላላው 25 ያህል ይወጣል። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከላይ እሳት ከታች እሳት

ኦቨን ያላችሁ፣ ኦቨኑን እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀድማችሁ አሙቁት። ትሪውን ቅባት አስነክታችሁ ድብልብሎቹን ሳይነካኩ ደርድሩና ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ጋግሩ።

ኦቨን የሌላችሁ ደግሞ ድፎ ዳቦ እንዴት ትጋግራላችሁ? ከላይ እሳት ከታች እሳት አድርጋችሁ አይደለም? እንግዲህ ኦቨን ማለት ይኸው ነው! ወፍራም ብረት ድስት ወይም ምጣድ በከሰል ምድጃ ላይ ጣዱና በቆርቆሮ ክዳን ከድናችሁ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ፍሙ ከሥር ትንሽ፣ ከላይ ግን በዛ ያለ ይሁን። ከሥር ከበዛ ሆዱ ሳይበስል ሥሩ ያርራል። መሞቁን ለማወቅ ጥቂት ዱቄት ምጣዱ ላይ በተን አድርጉ። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፤ ቀስ እያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ድብልብሎቹን ቅባት በነካው ምጣድ ላይ ደርድሩና ክደኑ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አገላብጡና እንደገና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨምሩ። ከሰሉን ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ አታንድዱ። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ስንቱን ቤተሰብ በተኛበት አስቀርቷል! በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ሥሩ።

መብሰሉ እንዴት ይታወቃል? የዶሮም የተርኪም ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። የተፈጨ የፍየልና የበሬ ሥጋ ደግሞ 71። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ በትልቁ ድብልብል መሐል ሰክታችሁ ለኩ። የሌላችሁ ትልቁን መርጣችሁ ለሁለት ቁረጡ። ቀላ ያለ ነገር ወይም የደፈረሰ ውሃ ካያችሁ መልሳችሁ ክደኑ። ነጥቶና ጠንከር ብሎ ብታገኙትም አምስት ደቂቃ ብትጨምሩለት የሚጎዳ ነገር የለም።

ከስጎ ጋር በፓስታ፣ በሩዝ ወይም በእንጀራ ይቀርባል። ስጎው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ከአጥንቱ የወጣው መረቅ ከሆነ ይበቃዋል።

ጥሬውን እንዳትቀምሱ!

ክትፎ የለመደ እጅ ጨዉን ለማወቅ ከጥሬው ቆንጠር አድርጎ መቅመስ ይወዳል። የዶሮ ሥጋ ላይ ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። ጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሬ ዶሮ ደግሞ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ፣ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ተሕዋስያን ይይዛል። ሙሉ ሥጋ ላይ ተሕዋስያኑ የሚገኙት በአብዛኛው በላዩ ነው፤ ሲፈጭ ግን ወደ ውስጡ ይገባሉ። ጨዉን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከድብልቁ ትንሽ ወስዳችሁ በመጥበሻ አብስላችሁ ቅመሱ።

ስለ ማጠብም አንድ ነገር ልበል። በአገራችን የዶሮ ጥበት የሴት ሙያ መለኪያ ነው፤ በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ እንደምናጥብ ታውቃላችሁ። ቤት የታረደና የተለበለበ ዶሮ መታጠቡ ግድ ነው። ነገር ግን ሎሚ ሽታውን ያጠፋል እንጂ ተሕዋስያኑን አይጨርስም፤ የሚጨርሰው እሳት ነው። ስለዚህ ዶሮውን ከቧንቧ ሥር እያስፈናጠራችሁ ሳይሆን በሰፊ ገበቴ ውስጥ በርጋታ እጠቡ፤ ሰላጣና እንጀራ በአካባቢው አይኑር። ገበቴውን፣ ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጃችሁን በሳሙና እጠቡ። ጥሬው የነበረበት ሳህን ላይ የበሰለውን አትመልሱ።

የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ አትርሱ። የበሰለ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ወይም መብራት የሚጠፋባችሁ፣ ዶሮዋ ወደ ማታ ትታረድና ለእራት ትለቅ።

ድርሻ

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቁጥር እንመለስ፤ ወንድሞች በተለይ አድምጡኝ።

ዶሮ ወጥ ክብራችን ነው፤ ማንም አይነካብንም። ዶሮዋ በደንብ ተበልታ 12 ብልት ትወጣለች። ታዲያ ብልቶቹ ባለቤት አላቸው። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ነው፤ ታፋው ለተከታዩ፤ ክንፉ ለልጆች። እናትስ? ከንጋት ጀምራ ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለችው እናት ብዙ ጊዜ የሚደርሳት ቁሌቱ ነው። «እኔ ስሠራ ጠገብኩ» ትላለች። ስትሠራ ግን የጠገበችው ጭስ ነው! ዶሮዋን ከጫጩትነቷ ያሳደገቻትም፣ እንቁላሏን ሸጣ ጨውና ሳሙና የገዛችውም ራሷ ናት።

ነገሩ የክብር ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በዓይነቱም በመጠኑም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። በእርግጥ ለዚህ ሁሉ ድህነት፣ ድርቅና በሽታ ምክንያት ናቸው። በቤታችን ያለችው ጥቂት ሥጋ ለማን ትደርሳለች የሚለው ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

የጤና ባለሙያዎች ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከመደበኛው አንድ ጊዜ ጨምራ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨምራ እንድትበላ ይመክራሉ። በብዙ ቤት ግን የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ቆማ ታስተናግዳለች፣ ከመሶቡ የተረፈውን ትበላለች። ጉበቷን ከሥጋው ጋር ክተፉ ማለቴም ለዚህ ነው። በጉበት ውስጥ ደም የሚተካ ብረት በብዛት ይገኛል። ለአንድ ሰው ብቻ ከምትሰጥ ተከትፋ ለሁሉም ብትዳረስ ይሻላል።

እንግዲህ የድብልብል ሥጋ ትልቁ በረከት ይህ ነው፤ ፈረሰኛ የለውም! ታፋና ክንፍ የለውም። 25ቱም እኩል ናቸው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ይደርሳል። ጥርስ ለሌላቸው አያት፣ ለሕፃኑም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድብልብሉን እንዳለ አትስጡት፣ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ደግሞ ቃሪያና ቁንዶ በርበሬ ያልነካውን በመረቅ አድቅቃችሁ በማንኪያ አብሉት።

ወንድሜ ሆይ፣ ለአንተ ያዘጋጀሁልህ ሥራ ይኸውልህ። ዶሮዋን እረድ፣ ሥጋውን ክተፍ፣ ከሰሉን አቀጣጥል። ማዕዱ ሲቀርብም ቆጥረህ የምታከፋፍለው አንተ ሁን። መጀመሪያ የሚስትህን ድርሻ አውጣ። እርሷ ልታፍር፣ «ተው እባክህ፣ ለልጆቹ ይሁን» ልትል ትችላለች። አትስማት። እስክትቀመጥ ድረስም እጅህን አትዘርጋ። «ታዲያ እኔ አጎርሳት የለ?» ትለኝ ይሆናል። ጉርሻ መልካም ነው፣ የፍቅር ምልክታችን ነው። ነገር ግን ጉርሻ ድርሻን አይተካም። ጉርሻ አንተ ስታስብ የምትሰጣት ነው፤ ድርሻ ግን አሰብክም አላሰብክም የእርሷ ነው።

እህቴ ሆይ፣ ለአንቺም ቃል አለኝ። ራስሽን ከማዕድ እያስቀረሽ ትሕትና አትበይው። ሴት ልጅሽ እያየችሽ ነው። ዛሬ አንቺ ከሁሉ ኋላ ስትበዪ ያየች ልጅ ነገ በራሷ ቤት እንዲሁ ታደርጋለች። ወንድ ልጅሽም ሚስቱን እንዲሁ ይጠብቃታል።

የጎረቤት ነገር

አንድ ጥያቄ ቀርቷል። በዋሂል ዓይነት ቦታ ለምትኖሩ ይህኛው ከሁሉ ይብሳል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር ከሚኖረው ሕዝብ 70.8 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 2.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በገጠሩ ያለው ነዋሪ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በአገራችን ባህል ሴት አታርድም። ባሏ ሥራ የዋለባት ሚስት ዶሮዋን በእጇ ይዛ ደጅ ላይ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትጠብቃለች። በዋሂል የሚያልፈው ወንድ ሙስሊም ጎረቤቷ ነው። እርሱ ካረደላት ባሏ ይበላል? ባሏ ካረደ ደግሞ፣ ውሃ ስትቀዳላት የከረመችው የጎረቤቷ ልጅ አትበላም። በእኛ አገር የሥጋ ነገር የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማንነት ድንበር ሆኖ የኖረ ነገር ነው።

በወንጌል አማኞች መካከልም በዚህ ላይ አንድ አቋም የለም። አንዳንዱ ያለ ችግር ይበላል፤ አንዳንዱ ኅሊናው አይፈቅድለትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 8 እና 10፣ እንዲሁም በሮሜ ምዕራፍ 14 ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ አንስቷል። ባለትዳሮች አብራችሁ ብታነቡት እመክራለሁ። እኔ እንደተረዳሁት ሁለት ነገር ይዟል። መብል በራሱ ከእግዚአብሔር አያርቅም፣ አያቀርብምም። ይሁን እንጂ መብቴ ነው ብሎ የሌላውን ኅሊና መርገጥ ፍቅር አይደለም። ስለዚህ የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፤ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ። ባልና ሚስት በዚህ የተለያያችሁ እንደሆነ ሳትጨቃጨቁ ተነጋገሩ፤ አንዱ የሌላውን ኅሊና አያስጨንቅ።

ለጎረቤት ግን የማይታለፍ አንድ ሕግ አለ፤ አታታልሉ። «ከተፈጨ በኋላ ማን ያውቃል?» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣባችሁ። የተፈጨ ሥጋ ማን እንዳረደው አይናገርም፤ ስለዚህ መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሳይነገራት በልታ ኋላ የሰማች ጎረቤት እምነቷ የሚጠፋው በአንድ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከእናንተ ጋር ባላት ነገር ሁሉ ነው። ኅሊናችሁ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ጎረቤታችሁን ጥሩትና እርሱ ይረድ፤ ሁለታችሁም ከአንድ ማዕድ ትበላላችሁ። ካልፈቀደላችሁም ጎረቤት የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ የእርሱም ልማድ እንዲሁ ስለሆነ ይገባዋል።

ያኔ ደግሞ የምስር ድብልብል ይረዳችኋል። ሁለት ብርጭቆ ድፍን ምስር ቀቅላችሁ ውሃውን በደንብ አጥልሉ። ስትፈጩት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ጨምሩበት፤ እስኪይዝ ድረስም ከድርቆሹ ፍርፋሪ አክሉ። አድቦልቡላችሁ፣ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ፣ በዚያው ከላይ እሳት ከታች እሳት 25 ደቂቃ ያህል ጋግሩት። ባጂያ ለለመደ የድሬ ሰው ጣዕሙ እንግዳ አይሆንበትም። ከሥጋው በፊት ሥሩት፤ ዕቃውም ሥጋ ያልነካው ይሁን። ሥጋ ያልነካው ምግብ ስለሆነ ለሙስሊሟ ጎረቤት ይሆናል፤ እንቁላልና ወተት ካላገባችሁበት ለጾመኛዋ የኦርቶዶክስ ጎረቤትም ይሆናል። ሳህኑን ስትሰጡም ምን እንዳለበት ንገሩ። ያን ጊዜ ተቀባይዋ ሳትጠራጠር ለልጆቿ ታበላለች።

እንግዲህ ውድ ባለትዳሮች፣ ለመጪው ቅዳሜ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አብራችሁ ማድ ቤት ግቡ። አንዳችሁ ስትከትፉ አንዳችሁ አድቦልቡሉ፤ ልጆቹ ይቁጠሩ። ከመብላታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ። በዚህ ቤት ሥጋ ያልደረሰው ማን ነው? ከአጥራችን ማዶ ሳህን ያልደረሰውስ? መልሱን ያገኛችሁት ዕለት የተማራችሁት የምግብ አሠራር ብቻ አይሆንም።

ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ በቤታችሁም ማንም ከማዕድ አይጉደል። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።